ወረቀት ይሰጣል ወይ?

በራያ ቆቦ ባለችው ሮቢት ስልጠና አለ ሲባል ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። አንዱ «አበል አለው?» ሌላው «ወረቀት ይሰጣል?» የመጀመሪያው በቂ ተወቅሷል። በየስብሰባው ይቀለድበታል፤ ገበሬውን አበል አስለመዳችሁት እየተባለም የረድኤት ድርጅቱ ሁሉ ይከሰሳል። ሁለተኛው ግን የብልህ ጥያቄ ተደርጎ ይቆጠራል። ልጁን ሊያሰለጥን የሚያስብ አባት ይጠይቀዋል፤ መምህሩ ይጠይቀዋል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ይጠይቀዋል። ሌቭል የሌለው፣ የብቃት ምዘናውን ሲኦሲን የማያስፈትን፣ ለደረጃ እድገት የማይያዝ ስልጠና ጊዜ ማባከን ነው የሚለው አስተያየት ከቆቦ እስከ ወልድያ፣ ከወልድያም እስከ አዲስ አበባ ተቃዋሚ የለውም። የእኔ ሙግት ከዚህ ከሁለተኛው ጥያቄ ጋር ነው። አበል ጠያቂው ቢያንስ የሚፈልገውን ያውቃል።

እንደ ሮቢት ባለ አገር ሰው ኑሮው ላይ ያዋለው ትምህርት አብዛኛው ወረቀት የሌለው ነው። ወረቀት ሲጨመርበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበላሻል እንጂ አይሻሻልም።

አቀንጭራ የተባለችውን አረም እንውሰድ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ ማሽላ የሚዘራ ሰው ሁሉ አቀንጭራን ከልጅነቱ ያውቃታል። አበባዋ ሲታይ ይነቅላታል፤ ይረግማታል፤ በዓመቱ እዚያው ቦታ በቅላ ያገኛታል። የማያውቀው ከአፈር በታች የምታደርገውን ነው። የአቀንጭራ ዘር ከዱቄት የላመ ነው። አንዷ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች፤ ያም ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይተኛል። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ራሱ ማሽላው ነው፤ ከሥሩ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲነካው ያን ጊዜ ይበቅላል። ከዚያም ሥሩ ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚመጠው ገና ከመሬት ብቅ ሳይል ነው። አበባው በታየ ጊዜ እንግዲህ የዘንድሮው ማሽላ ተበልቷል። ያኔ መንቀል የሚጠቅመው ለመጪዎቹ ዓመታት ነው፤ ያውም ዘር ሳያራግፍ ከተነቀለ። ዘር ከያዘ በኋላ ነቅሎ ድንበር ላይ መወርወር መዝራት ነው።

ይህን ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ አንድ የቀጨጨ ማሽላ ከነአፈሩ በአካፋ ያነሳል፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አፈሩን በጣቱ ቀስ እያለ ያጥበዋል። ከማሽላው ሥር ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተጣብቆ ይታያል። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል። ከብት ቢበላውስ፣ ዘሩ በእበቱ ይወጣል ወይ? ፍግ ማሳ ላይ የምንበትነው እንግዲህ ምን ልናደርግ ነው? ከጎረቤቴ ማሳ ጎርፍ ያመጣብኛል ወይ? አንድ ሽማግሌ ወጣቱን ባለሙያ «አንተ ልጅ፣ ይኼን ከሠላሳ ዓመት በፊት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ሲሉት ሰምቻለሁ። ልጁ «ጋሼ፣ ያኔ እኮ አልተወለድኩም» አላቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚህ ግማሽ ቀን በስተጀርባ ያለው ሳይንስ ትንሽ አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ አገራችን ውስጥ የተለቀቁት «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። ዘዴው ረቂቅ ነው፤ የዝርያዎቹ ሥር ያንን ቀስቃሽ ንጥረ ነገር በብዛት አያመነጭም፤ ስለዚህ የተኛው አቀንጭራ አይነቃም። ይሁን እንጂ ዝርያው ብቻውን አይበቃም፤ ከማዳበሪያና እርጥበት ከሚይዝ ቦይ ጋር መቀናጀት አለበት፤ ተመራማሪዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቦዩን የሚያወጣው ደግሞ ገበሬው ነው፤ ለምን እንደሚያወጣው ካልገባው በሁለተኛው ዓመት ይተወዋል። የሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ቆቦ ላይ የሙከራ ጣቢያ አለው፤ ሮቢት የመንገዱ ጎረቤት ናት። ዶክትሬቱ ሁሉ ተደማምሮ መጨረሻ ላይ የሚንጠለጠለው ያንን ባልዲ በያዘው ሰው ላይ ነው። ባልዲውን ሲያዞር ለማንም ወረቀት አልሰጠም።

አሁን ይኸው ትምህርት «ደረጃውን የጠበቀ ስልጠና» ሲሆን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሞጁል ይጻፍለታል፤ ባነር ይታተምለታል፤ ባነሩ ከጥቁር ሰሌዳው ይበልጣል። ጧት ፊርማ፣ ከሻይ በኋላ ፊርማ፣ ከሰዓት ፊርማ፤ መጻፍ የማይችለው አሻራ። ማሽላው ከማሳው ወጥቶ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ አይታይም። መጨረሻው ቀን ላይ ፈተና ስላለ ማንበብ የማይችል ሰው ከመጀመሪያው ስሙ አይመዘገብም። በራያ ማሽላውን የሚያርመው ማን ነው? በአብዛኛው ሴቷ ናት። ምዝገባው ላይ የሌለችውም እሷው ናት። ባሏ ሦስት ቀን ተቀምጦ ወረቀቱን በላስቲክ አሽጎ ይመለሳል፤ አቀንጭራው ከእሷ ጋር ማሳው ላይ ይቀራል።

ወረቀቱ የሰልጣኙን ዓላማ ይለውጠዋል። ለማወቅ የመጣው ሰው ያልገባው ቦታ ላይ ያስቆማል፤ ለወረቀት የመጣው ግን አሰልጣኙ ቶሎ እንዲጨርስ ይፈልጋል። አሰልጣኙም በበኩሉ ሪፖርቱን ነው የሚያስበው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይስማማሉ።

ይህ የገጠር በሽታ ብቻ ነው የሚለኝ ካለ ኮምፒውተሩን እንይ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም በነፃ፣ ሁሉም ፍላጎት ያለው ሰው ሌሊት ቁጭ ብሎ ሊማራቸው የሚችል። ኮርሶቹን አልነቅፍም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለ ዕድል ከዚህ በፊት አልነበረንም። ሆኖም ወሬው ሁሉ የሰርተፊኬት ሆነ። በየቢሮው እቅድ ወጣበት፤ ፌስቡኩ በሰርተፊኬት ፎቶ ተሞላ። ምን ሠራችሁበት ብሎ የጠየቀ ብዙ አልገጠመኝም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ስለነበር ኮርሱ እኛ ሰፈር ከሌላው ዘግይቶ ነው የደረሰው። ሲደርስ ግን መጀመሪያ የደረሰው ያው ጥያቄ ነው፤ ሰርተፊኬቱ ይታተማል ወይ?

የወረቀቱ መንገድ ራሱ ስንት ሰው እንደሚያሳልፍም እንቁጠር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ፈተናም 3.2 በመቶ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጨረሰውስ? በ2015 ዓ.ም መጨረሻ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም ሲሰጥ ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ከአሥሩ ስድስቱ ለዓመታት ተምረው ወረቀቱ ደጃፍ ላይ ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኗል። ወረቀት የሌለው ትምህርት ዋጋ የለውም ማለት ለእነዚህ ሁሉ «ለእናንተ የሚሆን ትምህርት የለም» ማለት ነው። ይህን አፍ ሞልቶ የሚናገር ሰው ግን አላየሁም።

ተከራካሪዎቼ እዚህ ላይ አባቶቻችንን ይጠቅሱብኛል። ነባሩ ትምህርታችንም ምስክር ነበረው ይላሉ፤ ድጓ የተማረ ቤተልሔም ሄዶ ይመሰከርለት ነበር፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ። በእስልምናውም በኩል እንደ ዳና ያሉት የሰሜን ወሎ የዕውቀት ማዕከላት ደረሳውን ኢጃዛ ሰጥተው ያሰናብቱት ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን ምስክሩ ለማን ነበር? ለሚያስተምረው ነው። ቤተልሔም የሚመሰከርለት ወንበር ዘርግቶ ድጓ ሊያስተምር የሚሄደው ነው፤ ኢጃዛም ዐሊሙ ያቀራውን ኪታብ ተማሪው በተራው እንዲያቀራ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ዳዊት እየደገመ ለራሱ የሚጸልይ፣ ቅኔ ለመስማት ያህል ዋድላ ሁለት ክረምት የከረመ፣ ቁርኣን ተምሮ ወደ እርሻው የተመለሰ ስንት ሺህ ሰው ነው? ለእነዚያ ማን ወረቀት ጻፈላቸው? ማንስ አልተማራችሁም አላቸው? የጥንቶቹ ሊቃውንት ለማስተማር ፈቃድ መስጠትንና መማርን ለይተው ያውቁ ነበር። ያደባለቅነው እኛ ነን።

ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱን በቀልድ አላልፈውም። ድሃው ከወረቀቱ ሌላ ምን ጋሻ አለው? ዘመድ የሌላት ልጅ ስፌት ብትችልም «ምን ማስረጃ አለሽ?» ትባላለች። ዘመድ ያላት ሳትችልም ትቀጠራለች። ወረቀቱን ካነሳህ የሚቀረው ትውውቅ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር እውነት አለበት። ግን መፍትሔው ስልጠናውን ሁሉ ወረቀት ማልበስ አይደለም። በ2000 ዓ.ም የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ እኮ ምዘናውን ከስልጠናው ለይቶታል፤ ሰው የትም ይማር የት፣ ጋራዥም ይሁን እናቱ ቤት፣ ብቃቱን አሳይቶ ማረጋገጫ ማግኘት እንዲችል ነው የታሰበው። ስለዚህ ልጅቷ መጀመሪያ ትማር፤ ወረቀቱን የሚጠይቅ ቀጣሪ የመጣ ቀን ሄዳ ትመዘን። እኛ የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው። ማረጋገጫውን መግቢያው ላይ አስቀምጠን መማሩን አስረሳን።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጆች ነገር ይህን አጉልቶ ያሳያል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ተጓዧ 8ኛ ክፍል የጨረሰችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያላት እንድትሆን ጠየቀ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሳታውቅ ሄዳ እንዳትጎዳ። ግን ከራያ የሚወጣው ልጅ 8ኛን ሳይጨርስ ያቋረጠው ብዙ ነው፤ እሱን አዋጁ ደጅ ላይ መለሰው። ከዚያ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። ወረቀት የሌላት ልጅ ከጉዞ አልቀረችም፤ የቀረባት ስልጠናው ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት እየተቀመጠች መንገድ ላይ የሚያስፈልጋትን ዓረብኛ፣ ውል ማለት ምን እንደሆነ፣ ፓስፖርቷን አሠሪ ሲይዝባት የት እንደምትደውል ብትማር ምን ይጎዳል? 8ኛ ጨርሰሻል ወይ ብሎ የሚጠይቃት ከሌለ። እንዲህ ያለውን ትምህርት «ሕገ ወጥ ጉዞን ማበረታታት ነው» የሚሉ አሉ። እሷ ለመሄድ የማንንም ማበረታቻ አልጠበቀችም።

ሌላው ክስ አጭር ስልጠና ግማሽ አዋቂ ያፈራል የሚል ነው። መድኃኒት የሚወጋ፣ መብራት የሚዘረጋ፣ አይሱዙ የሚነዳ፣ ፀረ ተባይ የሚሸጥ ሰው ወረቀት ይኑረው፤ እንዲያውም ከዛሬው ጠበቅ ይበል። የሌላ ሰው ነፍስ ያለበት ቦታ ላይ አልከራከርም። ግን ፀረ ተባይ የሚረጨውስ? እሱ ማንም ምንም ሳይጠይቀው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ይሄዳል።

የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓድ ከወጣና የጠብታና የርጭት መስኖ ከተዘረጋ ወዲህ በአካባቢው ሽንኩርትና ቲማቲም ተለምዷል፤ ከእነሱም ጋር ትሪፕስ የተባለው ተባይና መድኃኒቱ። መድኃኒቱ በምን ይለካል? በጠርሙሱ ክዳን። ስንት ክዳን? ጎረቤት እንዳደረገው። የመርጫው ጫፍ ሲደፈን በአፍ ይነፋል። ይህን ለማስተካከል ሁለት ሰዓት ይበቃል። መርጫው ንጹህ ውሃ ይሞላል፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይለካል፤ ሰውየው እንደ ወትሮው እየተራመደ ይረጫል፤ ስንት ሊትር እንደጨረሰ ይታያል። 4 ሊትር ከሆነ ለሄክታር 400 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። ጠርሙሱ ላይ ለሄክታር 400 ሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ 16 ሊትር ለሚይዘው መርጫ 16። ከዚያ የክዳኑን ልክ በመርፌ ሲሪንጅ ለክቶ ማሳየት። ነፋሱን በጀርባ አድርጎ መርጨት፣ ጫፉን በአፍ ሳይሆን በሣር ማጽዳት፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይሞላ ሽንኩርቱ እንደማይነቀል። አለቀ። ግማሽ እውቀት ካላችሁት እሺ፤ አሁን ያለው ግን ግማሽም አይደለም።

ከተማው ውስጥም እንዲሁ ነው። ቤዚክ ኮምፒውተርና ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ፕሮግራም ተምረው ሰርተፊኬቱን በፍሬም የሰቀሉ አሉ፤ ሱቋን በደብተር የምትይዝ ነጋዴ ግን የዱቤና የጥሬ ገንዘብ መዝገብ ለይቶ መያዝን የሚያሳያት አጥታ በየዓመቱ ግብር ሲመጣ ትደነግጣለች። እሷን ፒችትሪ ውስጥ ምን አገባት? አንድ ከሰዓት፣ አንድ ደብተር፣ ሁለት መስመር።

እዚህ ላይ ከባላንጣዎቼ ጋር የምስማማበትን ልናገር። «አጭር ስልጠና» የሚለው ስም የረከሰው በከንቱ አይደለም። ሥራ አጡን ወጣት ሰብስቦ አምስት ቀን ስለ ሥራ ፈጠራ መስበክ፣ ከዚያ መነሻ ገንዘብ የለም፣ ቦታ የለም፣ ተደራጅታችሁ ጠብቁ ብሎ መበተን፤ ይህ ስልጠና ሳይሆን ቁጥር ማሟያ ነው። በዚህ የተቃጠለ ልጅ ቀጣዩን ሲጠሩት «ወረቀቱን እንኳ ስጡኝ» ቢል አልፈርድበትም። ባዶ እጁን ከሚመለስ ብሎ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ያም ስልጠና የተበላሸው ስላጠረ አይደለም፤ ሪፖርት ለመሙላት ስለተዘጋጀ ነው።

ወረቀት አልባ ትምህርት ምን እንደሚያፈራ ለማየት ዴንማርክን እንመልከት፤ ዛሬ በቅቤና በወተቷ ትታወቃለች። ግሩንትቪ የተባለ ቄስ ባመነጨው ሐሳብ የመጀመሪያው የሕዝብ ትምህርት ቤት ሮዲንግ ላይ በ1844 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። የገበሬ ልጆች ክረምቱን ገብተው ያድሩበታል፤ ፈተና የለም፣ ነጥብ የለም፣ ዲፕሎማ የለም፤ እስከ ዛሬም ፈተና የለውም። በኋላ የአሜሪካና የሩሲያ እህል ገበያውን አጥለቅልቆ ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው ከእህል ወደ ወተት ዞረ፤ በ1882 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከዚያ በየመንደሩ ተስፋፋ። ከመሪዎቹ ብዙዎቹ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ነበሩ። የታሪክ ሰዎች ድርሻው ስንት ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። ዲፕሎማ ስለሌለው ማንም አልመጣም የሚል ግን የለም።

በየቀበሌው የተሠሩት የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከላት ለእንዲህ ያለው ወረቀት አልባ ትምህርት ጥሩ ቦታ ነበሩ። ብዙዎቹ ከሰሜኑ ጦርነት በፊትም ተቆልፈው ነበር፤ ጦርነቱ ደግሞ የቀረውን ወንበርና በር ወሰደ። ለባልዲና ለመርጫ ግን ወንበር አያስፈልግም። የባልዲው ማሽላው ማሳ ላይ ሳለ፤ ሌላው ደግሞ ታጭዶ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ሴቷ እንጀራውን ጋግራ በምትጨርስበት ከሰዓት፣ ማሳ ዳር። የሽንኩርት ችግኝ መደብ ስፋቱ አንድ ሜትር እንዲሆን ለምን እንደሚመከር፣ ከመትከሉ በፊት ውሃውን እየቀነሱ ማጠንከር ምን እንደሚጠቅም። የሞተር ፓምፕ የሚጠግነው ልጅ የፓምፑን ማጣሪያ ፈትቶ ያሳይ፤ እሱም ወረቀት የለው፣ ሰው ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት የሚቀሰቅሰው እሱን ነው። አበል አይኑር። እንዲያውም መጪው ጥቂት ብር ይክፈል፤ የከፈለ ሰው ያልገባውን ሳይጠይቅ አይሄድም።

«እንዲህ ከሆነ ማን ይመጣል?» ይሉኛል። ዘጠኝ ሰው ይመጣል። ለዘጠኝ ሰው ባለሙያ አንመድብም የሚለው ቢሮ ለመቶ ሰው ባነር ያሳተመ ነው። ከመቶው ስንቱ በዓመቱ አቀንጭራውን ዘር ሳይይዝ እንደነቀለ የሚያውቅ የለም፤ የዘጠኙን ማሳ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ በግማሽ ቀን ዞሮ ማየት ይቻላል። ወረዳ የሚላከው ቅጽ ላይ የሰልጣኝ ብዛት፣ የወንድ፣ የሴት፣ የወጣት፣ ሰርተፊኬት የወሰደ የሚል ዓምድ አለ። ማሳው እንዴት ሆነ የሚል ዓምድ የለውም።